ጊታር ፕሮ 8፦ ጊታር ሳይዙ ለጊታር መጻፍ

ባንዶች እየተመናመኑ ኪቦርድ ቦታቸውን ከያዘ ወዲህ፣ በአገራችን በተቀናበሩ ዘፈኖችና መዝሙሮች ውስጥ የጊታር ድምፅ በብዛት ይሰማል፤ በብዙዎቹ ላይ ግን ጊታር የያዘ ሰው አልተሳተፈም። አቀናባሪው ከኪቦርዱ የድምፅ ዝርዝር ውስጥ ጊታር የሚለውን ይመርጣል፣ ኮርዱን (አብረው የሚመቱ ድምፆችን ስብስብ) በእጁ ሙሉ ይጫናል፣ ከዚያም ወደ ድራሙ ያልፋል። አድማጩ ሙዚቃ የተማረ ባይሆን እንኳ አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል፤ ድምፁ የጊታር ሆኖ ሳለ አጨዋወቱ የኪቦርድ ነውና።

እዚህ የምገመግመው ጊታር ፕሮ 8 የተባለውን የሙዚቃ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ሠሪው አሮባስ ሚውዚክ የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ሲሆን፣ የመጀመሪያው እትም በ1997 እ.ኤ.አ.፣ 8ኛው ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ብዙ ሰው የሚያውቀው የጊታር መለማመጃ ወይም የታብ (ክሮቹ በመስመር፣ ጣት የሚጫንበት ቦታ በቁጥር የሚጻፍበት የጊታር ጽሑፍ) ማንበቢያ አድርጎ ነው። እኔ ግን የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ራሱ ጊታር የማይጫወት፣ ወይም በአቅራቢያው ጊታሪስት የማያገኝ አቀናባሪ፣ ከሰው እጅ የወጣ የሚመስልና ጊታሪስት ፊት ቢቀመጥ በእርግጥ ሊጫወት የሚችል የጊታር ክፍል እንዲጽፍ ፕሮግራሙ ያግዘዋል ወይ? መልሴ ያግዘዋል ነው። የሚያግዘው ግን ብዙዎች እንደሚጠብቁት በድምፁ ጥራት አይደለም፤ ጸሐፊው ስለ እጅ እንዲያስብ በማስገደዱ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከመሣሪያው እንነሣ። ኪቦርድ ላይ አንድ ድምፅ የሚገኝበት ቁልፍ አንድ ብቻ ነው። ጊታር ላይ ግን ከሁሉ የቀጠነው 1ኛው ክር ሳይጫን ሲመታ የሚሰጠው ሚ፣ በ2ኛው ክር 5ኛ ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በብረት ዘንግ የተከፋፈለ የጣት ቦታ) ላይ፣ በ3ኛው ክር 9ኛ ፍሬት ላይ፣ በ4ኛው ክር 14ኛ ፍሬት ላይ፣ በ5ኛው ክር ደግሞ 19ኛ ፍሬት ላይ እንደገና ይገኛል። ከፍታቸው አንድ ነው፤ ጠባያቸው ግን ይለያያል። ክፍቱ ክር ብሩህና ረዥም ድምፅ ይሰጣል፤ ወፍራሙ ክር ላይ ወደ ላይ ተወጥቶ የተጫነው ደግሞ የታፈነና የደነደነ ይሆናል። ጊታሪስት ከነዚህ አንዱን የሚመርጠው ከዚያ በፊት እጁ የት እንደነበረና ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ አይቶ ነው። በኪቦርድ የሚጻፍ ጊታር ይህን ምርጫ ፈጽሞ አያውቀውም፤ የሐሰተኛነቱ ዋና ምንጭም እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጊታር ፕሮ ሲከፈት መስኮቱ ላይ ሁለት ረድፍ ይታያል፤ ከላይ መደበኛው ኖታ፣ ከሥሩ ስድስት መስመር ያለው ታብ። በታቡ ላይ ቁጥር ሲጻፍ ኖታው ራሱ ይሞላል፤ በኖታው ላይ ሲጻፍም ታቡ ይከተላል። አንድ ቁጥር ያስገባ ሰው በዚያው ቅጽበት በየትኛው ክርና በየትኛው ፍሬት እንደሚጫወት ወስኗል። በአንድ ክር ላይ በአንድ ጊዜ ሁለት ድምፅ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይተካዋል። ቁጥሮቹ ሲራራቁም፣ ለምሳሌ አንዱ ጣት 2ኛ ፍሬት ላይ ሆኖ ሌላው 11ኛ ፍሬት ላይ ሲፈለግ፣ ችግሩ ለዓይን ግልጽ ሆኖ ይታያል። ከኪቦርድ የመጣ አቀናባሪ መጀመሪያ ላይ ይህ ሊያሰለቸው ይችላል። ነገር ግን ከክልከላው ጋር እየተላመደ ሲሄድ፣ የሚጽፋቸው ኮርዶች እየሳሱና እየተከፈቱ፣ ዜማዎቹም በእጅ መንገድ እየሄዱ ይመጣሉ።

ይህን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ከላ የሚነሣ የትዝታ ማይነር ቅኝት ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ነው። በመደበኛው የጊታር አቃኘት ውስጥ ላ፣ ሲ እና ሁለቱ ሚ ክፍት ክሮች ናቸው፤ ስለዚህ ይህ ቅኝት ጊታር ላይ ቤቱ እንደገባ ሰው ይቀመጣል። አሁን ከሚ ተነሥቶ በዶና በሲ በኩል ወደ ላ የሚወርድ አጭር ሐረግ እንጻፍ። በአንደኛው አጻጻፍ ሚን በክፍቱ 1ኛ ክር፣ ዶን በ2ኛው ክር 1ኛ ፍሬት፣ ሲን በዚያው ክር ክፍቱን፣ ላን ደግሞ በ3ኛው ክር 2ኛ ፍሬት እናስቀምጣለን። ሚው ሳይቋረጥ ይቆያል፤ ዶው ጣቱ ክሩን ሲለቀው ራሱ ወደ ሲ ይወርዳል፤ ላው ሲመጣ ሚውና ሲው ገና እየጮሁ ናቸው። የሚሰማው የክራር ጠባይ ያለው፣ ድምፆቹ እርስ በርስ የተደራረቡበት ሐረግ ነው። በሁለተኛው አጻጻፍ ሚን በ2ኛው ክር 5ኛ ፍሬት፣ ዶን በ3ኛው ክር 5ኛ ፍሬት፣ ሲን በዚያው ክር 4ኛ ፍሬት፣ ላን በዚያው ክር 2ኛ ፍሬት እናደርጋለን። ሦስቱ ድምፆች በአንድ ክር ላይ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን እየገደለ ይወርዳል፤ ፒክ የሚመታው አንድ ጊዜ ሆኖ የቀሩት በግራ እጅ ጣት ብቻ ሊወጡ ይችላሉ፤ ሐረጉም ወደ ድምፃዊ አዘፋፈን ይጠጋል። በመደበኛ ኖታ ሁለቱ አንድ ናቸው። ኪቦርድና ኮምፒውተር የትኛው ድምፅ መቼ እንደተመታ በሚነጋገሩበት በሚዲ ዝርዝርም ውስጥ የአራቱ ድምፆች ከፍታ በሁለቱም አጻጻፍ አንድ ዓይነት ነው። በዚህ ፕሮግራም ግን ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ሆነው ይታያሉ፤ ሲጫወቱም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ይሰማሉ።

ኮርድም ላይ እንዲሁ ነው። የቅኝቱ አምስት ድምፆች ላ ማይነርን ይሰጣሉ፤ ፋ፣ ላ፣ ዶ፣ ሚ ሲደረደሩ ደግሞ ፋ ሜጀር ሰቨን ይገኛል። ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ እጁን በሙሉ ያነሣል። በጊታር ግን በክፍት ክሮቹ አካባቢ ላ ማይነር ተይዞ ሳለ፣ በ4ኛው ክር ላይ ያለው ድምፅ ከ2ኛ ወደ 3ኛ ፍሬት ከፍ ቢልና 5ኛው ክር ባይመታ ኮርዱ ተለውጧል፤ ቀጫጭኖቹ ሦስት ክሮች ንቅንቅ አይሉም። በታብ ላይ ይህ አንድ ቁጥር መለወጥና አንድ ቁጥር ማጥፋት ነው። ጊታር የሚጫወት ሰው ሳያስበው የሚያደርገውን ጊታር የማይጫወተው ሰው እዚህ በዓይኑ ያየዋል። በመስኮቱ ግርጌ የሚከፈተው የጊታር አንገት ሥዕልም በዚህ ረገድ ጠቃሚ ነው፤ እያንዳንዱ ድምፅ የት እንደተያዘ በነጥብ ስለሚያሳይ፣ የኮርድ ቅርጽ ሲቀያየር ጣቶቹ ምን ያህል እንደሚጓዙ መከታተል ይቻላል።

የቀኝ እጅ ነገር ሰፊ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልሄድበት። ጊታር ሲገረፍ ስድስቱ ክሮች በአንድ ጊዜ አይጮሁም። ፈጣን ምት ክሮቹን ለማቋረጥ ከ10 እስከ 40 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ ዝግ ያለው ደግሞ ከዚያም በላይ። ወደ ታች ሲመታ ወፍራሞቹ ክሮች ይቀድማሉ፣ ወደ ላይ ሲመታ ቀጫጭኖቹ። ወደ ላይ የሚሄደው ምት አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ቀጫጭኖቹን ሦስት ወይም አራት ክሮች ብቻ ስለሆነ ቀለል ያለ ነው። ጊታር ፕሮ ለእያንዳንዱ ኮርድ የምቱን አቅጣጫ ቀስት አድርጎ ለመጻፍና የሚፈጀውን ጊዜ ለመወሰን ያስችላል። ሁሉንም ኮርድ በራሱ ከፋፍሎ እንዲያጫውት የሚያደርግ አማራጭም አለው። እኔ ግን የራሱን አልመክርም፤ እያንዳንዱን ምት በእጅ መጻፍ ጊዜ ቢወስድም፣ ወደ ላይ በሚሄዱት ምቶች ላይ ወፍራሞቹን ክሮች ባዶ መተውን የመሰለ ውሳኔ ከጸሐፊው እንጂ ከፕሮግራሙ አይመጣም።

በኛ ሙዚቃ ላይ ይህ ምን ያህል ፍሬ እንዳለው የሚታየው በችክችካ ነው። ምቱን በ6/8፣ ማለትም በአንድ ዙር ስድስት እኩል አጫጭር ምቶች አድርገን፣ እንጻፈውና ቀኝ እጅ ሳያቋርጥ ወደ ታችና ወደ ላይ እየተፈራረቀ በእያንዳንዱ አጭር ምት ላይ እንዲመታ እናድርግ። 1ኛው፣ 3ኛውና 5ኛው ምት ወደ ታች ይሆናሉ፤ 2ኛው፣ 4ኛውና 6ኛው ወደ ላይ። የ6/8 ሁለቱ ዋና ምቶች ግን 1ኛውና 4ኛው ናቸው። እንግዲህ ሁለተኛው ዋና ምት የሚወድቀው ወደ ላይ በሚሄደው፣ ቀለል ባለው ምት ላይ ነው፤ እጁ በሦስት ሲከፍል ሙዚቃው በሁለት ይከፍላል፤ ሦስት በሁለት ላይ የሚለው የችክችካ ግፊትም ከጊታሪስቱ የክንድ እንቅስቃሴ ብቻ ይወለዳል። በኪቦርድ የጊታር ድምፅ ላይ 4ኛውን ምት ከ1ኛው እኩል የሚጫን ሰው ይህን ያጣዋል፤ ሪትሙም ምክንያቱ ሳይታወቅ ይደርቃል። በጊታር ፕሮ ላይ ስድስቱን ቀስቶች በትክክል ያስቀመጠ፣ ወደ ላይ የሚሄዱትን በሦስት ክር ብቻ የጻፈና ከመካከላቸው አንድ ሁለቱን የሞተ ድምፅ ያደረገ ሰው፣ ልዩነቱን ያለ ምንም ተጨማሪ መሣሪያ ይሰማዋል።

የሞተ ድምፅ ያልኩት በታብ ላይ በመስቀለኛ ምልክት የሚጻፈውን፣ ክሩ በጣት ተነክቶ ከፍታ የሌለው «ጭክ» የሚል ድምፅ ብቻ የሚሰጥበትን አመታት ነው። ክራር የሚገርፍ ሰው ሁሉንም ክሮች እየመታ የማይፈልጋቸውን በግራ እጁ ጣቶች ያፍናል፤ ከዚያ የሚወጣው የታፈነ ድምፅ የምቱ አካል ነው። በካሴቱ ዘመን የሮሃ ባንድን ጊታር ይጫወት የነበረውን ሰላም ስዩምን በጥንቃቄ ያዳመጠ ሰው፣ በዘፋኙና በነፋስ መሣሪያዎቹ መካከል የሚሰማው ጊታር ምን ያህል አጭር፣ የተቆረጠና ለምቱ የሚያገለግል እንደሆነ ያስተውላል። በዚህ ፕሮግራም የሞተ ድምፅ፣ በመዳፍ የተያዘ ድምፅ፣ ሳይቋረጥ የሚጮህ ድምፅና በለሆሳስ የሚነካ ድምፅ አራት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም በአንድ ቁልፍ ይገባሉ። አጠቃቀሙ እጅ ውስጥ ከገባ በኋላ መጻፉ እጅግ ፈጣን ነው።

ግራ እጅ ክርን ገፍቶ ድምፅ ከፍ የሚያደርግበትን ቤንድ በሚመለከት ፕሮግራሙ የሚያስመሰግን ሥራ ሠርቷል። ቤንዱ በትንሽ መስኮት ውስጥ እንደ መስመር ይሳላል፤ ከየት እንደሚነሣ፣ መቼ ጫፉ ላይ እንደሚደርስ፣ እዚያ ምን ያህል እንደሚቆይና መቼ እንደሚወርድ ነጥብ በነጥብ ይወሰናል። በትዝታ ማይነር ከሲ ወደ ዶ ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ስለሆነ፣ በ3ኛው ክር 4ኛ ፍሬት ላይ ሲን ይዞ ወደ ዶ ቀስ ብሎ መግፋት ማሲንቆ ወደ ድምፁ ከሥር ተንሸራቶ የሚመጣበትን መንገድ በጣም ይቀርባል። ይህን በኪቦርዱ የድምፅ ማጠፊያ ጎማ መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን በጎማው ሲሠራ ብዙ ጊዜ መነሻውና መድረሻው አይታወቅም፣ እዚህ ግን ተጽፎ ይቀመጣል፤ ነገ ተመልሶ ማረም ይቻላል።

አንቺ ሆዬ ላይ ሲደረስ ግን ገደቡ ይመጣል። ከዶ ሲነሣ በጽሑፍ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ተብሎ ይቀመጣል፤ የባህል ተጫዋቾች የሚያቃኙት ግን ከፒያኖ ቁልፎች ጋር ልክ ለልክ የሚገጥም አይደለም። ጊታር ፕሮ የክሮቹን መቃኛ የሚለውጠው በግማሽ ድምፅ ርምጃ ነው፤ ከዚያ ያነሰውን ለማግኘት በየድምፁ ላይ የሩብ ድምፅ ቤንድ መጻፍ ያስፈልጋል። ለአንድ ሐረግ ይሠራል። ለሙሉ ዘፈን ግን ሥራው ከባድ፣ ጽሑፉም በምልክት የተጨናነቀ ይሆናል። ጊታሩ ራሱ በፍሬት የታሰረ መሣሪያ ስለሆነ ጥፋቱን በሙሉ በፕሮግራሙ ላይ መጣል ተገቢ አይሆንም፤ ቢሆንም ክር በክር በጥቂት ሴንት (የግማሽ ድምፅ መቶኛ) ዝቅና ከፍ ማድረጊያ ቢጨመርበት፣ ከምዕራባዊው መቃኛ ውጭ የሚሠሩ ብዙ አገሮች ሙዚቀኞች ይጠቀሙ ነበር።

ወደ ድምፁ እንለፍ። ከ5ኛው እትም ጀምሮ ፕሮግራሙ በእውነተኛ መሣሪያዎች ተቀድተው በተዘጋጁ ድምፆች ይጫወታል፤ የአምፕሊፋየርና የኢፌክት ፔዳል አምሳያዎችም ከነመቆጣጠሪያቸው አሉት። የናይለን ክር ጊታሩ ደስ የሚል ነው፤ በጣት ለሚደረደር ሥራ ለአድማጭ ቢቀርብ አያሳፍርም። ንጹሑ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ትንሽ ኮረስና ትንሽ ሪቨርብ ሲታከልበት፣ ለኛ የሪትም አጨዋወት ይበቃል። የብረት ክሩ አኩስቲክ ጊታር ሲገረፍ መካከለኛ ነው። ደካማው ክፍል በዲስቶርሽን ረዥም ድምፅ ይዞ የሚዘፍነው የሊድ ጊታር ነው፤ ድምፁ ሲቆይ እያደገና እየተለወጠ መሄድ ሲገባው በነበረበት ይቀራል፤ አንድ ድምፅ በፍጥነት ሲደጋገምም የአንዱ ቅጂ ከሌላው ጋር መመሳሰሉ ለጆሮ ይጋለጣል። የጥንካሬው መጠን በኖታ ከሚታወቁት 8 ደረጃዎች ስለሚመረጥም፣ ሚዲ ከሚፈቅደው ከ0 እስከ 127 ከሚደርስ ልዩነት ጋር ሲነጻጸር ሻካራ ነው።

ከድምፁ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የጊዜ አያያዙ ነው። የተጻፈው ድምፅ የሚወድቀው በኖታው በተወሰነለት ቦታ ላይ ነው፤ አንዱን ምት ብቻ ለይቶ በጥቂት ሚሊሰከንድ ወደ ኋላ መጎተት፣ በሌሎች የቅንብር ፕሮግራሞች የሚዲ መስኮት ላይ በማውስ እንደሚደረገው፣ እዚህ አይቻልም። የሰውን አጨዋወት ለማስመሰል የተቀመጡ አማራጮች አሉ፤ የስዊንግ አከፋፈልም አለ። የኛ 6/8 ግን እኩል ተከፋፍሎ የሚጫወት አይደለም፤ ዘገየት የሚለው ምት ከአገር አገር፣ ከተጫዋች ተጫዋች ይለያያል፤ በዝግጁ ቀመር የሚያዝም አይደለም። ስለዚህ ጽሑፉ ምንም ያህል ቢያምር ግሩቩ፣ ምቱን ሕያው የሚያደርገው አካሄድ፣ በዚህ ፕሮግራም ውስጥ አያልቅም።

ሥራውን ወደ ሌላ ፕሮግራም መውሰድ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ጊታር ፕሮ የውጭ የድምፅ ፕለጊኖችን (በሌላ ፕሮግራም ውስጥ ገብተው የሚሠሩ ተጨማሪ ፕሮግራሞችን) በውስጡ አያስተናግድም፤ የተጻፈውን ግን በሚዲ፣ የኖታ ፕሮግራሞች በሚለዋወጡበት በሚውዚክ ኤክስኤምኤል፣ በፒዲኤፍና በድምፅ ፋይል ያወጣል። የሚዲውን ፋይል በሪፐር ወይም በሌላ ስቱዲዮ ፕሮግራም ከፍቶ ለጊታር በተሠራ የድምፅ ስብስብ ማጫወት ይቻላል። ከማርቲን ጊታር የተቀዳው የአምፕል ሳውንድ አኩስቲክ ጊታር አነስ ያለ እትሙ በነፃ የሚሰጥ ስለሆነ ለመጀመር ጥሩ ነው። በዚህ ሽግግር ላይ ሁለት ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ በሚዲ የድምፅ ማጠፍ ትእዛዝ የሚሠራው በቻናሉ (ትእዛዞቹ በሚተላለፉበት መስመር) ላይ ባሉት ድምፆች በሙሉ ላይ ስለሆነ፣ አንዱ ክር ሲገፋ ሌላው ጸንቶ የሚቆይበት ሐረግ ሁለቱ ክሮች በተለያየ ቻናል ካልሆኑ አብረው ይታጠፋሉ። የተቀባዩ የማጠፍ ስፋት ከላኪው ጋር ካልገጠመም የአንድ ድምፅ ቤንድ ከታሰበው በላይ ወይም በታች ይሄዳል፤ የተለመደው መነሻ ወደ ላይም ወደ ታችም ሁለት ግማሽ ድምፅ ነው። ሁለተኛው፣ የድምፅ ስብስቦቹ በመዳፍ የተያዘውን፣ የተንሸራተተውንና የሞተውን ድምፅ የሚያወጡት በራሳቸው የመቀየሪያ ቁልፎች ነው፤ በጊታር ፕሮ የተጻፉት ምልክቶች ወደዚያ ቋንቋ ራሳቸው አይተረጎሙም። ምልክቶቹን በፒዲኤፍ አውጥቶ አጠገብ አስቀምጦ፣ እያዩ እንደገና ማስገባት ያስፈልጋል። አድካሚ ነው፤ ሆኖም ምን እንደሚፈለግ አስቀድሞ ተወስኖ ስላለ ባዶ መስኮት ላይ ከመጀመር በብዙ ይሻላል።

በዚህኛው እትም ላይ ከተጨመሩት ውስጥ ለአቀናባሪ ትልቁ የድምፅ ፋይል ማስገባት መቻሉ ነው። ዘፋኙ በስልኩ የቀዳውን ዜማ ከጽሑፉ ጋር አሰልፎ፣ ፍጥነቱ በሚለዋወጥበት ቦታ ሁሉ የማስተካከያ ነጥብ እየሰጡ፣ የጊታሩን ክፍል ከድምፁ ሥር መጻፍ ይቻላል። በመዝሙር ሥራ ላይ ዘማሪው ያለ ሜትሮኖም ዘምሮ የሚልክበት ጊዜ ብዙ ነውና ይህ ትርፍ ነገር አይደለም። ጊታሩ ለዘፋኙ የት ቦታ እንደሚለቅ፣ ዘፋኙ ሲያርፍ የት እንደሚመልስለት ሊታወቅ የሚችለው ዘፋኙ እየተሰማ ሲጻፍ ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው አጠቃቀም ግን የተጻፈውን ለጊታሪስት መስጠት ነው። ብዙ ጥሩ ጊታሪስቶቻችን በጆሮ የተማሩ ናቸው፤ ኖታ ባያነቡም ታብ ያነባሉ። የታተመ ታብ የደረሰው ጊታሪስት፣ የክር ምርጫው ከእጁ ጋር የሚስማማ ሆኖ ሲያገኘው፣ ጊዜውን ለምን እንዲህ ተጻፈ በማለት ሳይሆን በማሳመር ላይ ያውለዋል፤ መለወጥ ያለበትንም በታቡ ላይ ጠቁሞ ይመልሳል። አቀናባሪውና ጊታሪስቱ በሁለት አገር ቢኖሩ እንኳ፣ አንዱ አዲስ አበባ ሌላው ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ሆነው፣ አንድ ትንሽ ፋይል እየተላላኩ መሥራት ይችላሉ። ፋይሉ ከባድ ስላልሆነ ደካማ ኢንተርኔትም አይከለክለውም።

በ2022 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ዋጋው 70 ዶላር ገደማ ነበር፤ የሚከፈለውም አንድ ጊዜ ነው፤ በየወሩ የሚታደስ ክፍያ የለበትም። በዊንዶውስና በማክ ይሠራል፤ ከመግዛት በፊት ለተወሰኑ ቀናት በነፃ መሞከርም ይቻላል። ለሚሰጠው አገልግሎት ውድ ነው አልልም። አገር ቤት ላለ ሰው ግን ከዋጋው ይልቅ አከፋፈሉ ይከብዳል፤ በውጭ አገር የሚሠራ ካርድ የሌለው ሰው ውጭ ባለ ዘመድ በኩል ከመግዛት ውጭ ብዙ መንገድ የለውም። በየሰፈሩ የሚዞረውን የተሰበረ እትም አልመክርም፤ ከሕጉም በላይ፣ በሙያቸው ሊኖሩ የሚፈልጉ አቀናባሪዎች የሌላውን ሙያተኛ ሥራ በነፃ ሊወስዱ አይገባም።

ገንዘቡን ማውጣት ለማይችል ሁለት አማራጭ አለ። ሚውዝስኮር 4 ነፃ ነው፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው 4.2 እትሙ የቤንድ አጻጻፍና ለብቻቸው የሚወርዱ የጊታር ድምፆች ተጨምረውለታል፤ ድምፆቹ በአንዳንድ ቦታ ከጊታር ፕሮ ይሻላሉ፤ ማውረዱ ግን ሰፊ ኢንተርኔትና ጠንካራ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ፕሮግራሙ ከኖታ ተነሥቶ የተሠራ ስለሆነ፣ ለመዘምራንና ለኦርኬስትራ ለሚጽፍ ሰው የተሻለ ምርጫ ነው፤ በታብ ላይ የመጻፍ ፍጥነቱ ግን ጊታር ፕሮን አይደርስበትም። ቱክስጊታር ደግሞ ነፃ፣ ቀላልና በአሮጌ ኮምፒውተር፣ በሊኑክስም ጭምር የሚሠራ ሲሆን፣ የቀድሞዎቹን የጊታር ፕሮ እትሞች ፋይሎች ይከፍታል። የራሱ ድምፅ ተራ የሚዲ ድምፅ ስለሆነ ለጆሮ አያስደስትም፤ ሆኖም ክርና ፍሬት መምረጥን፣ የቀኝ እጅን አቅጣጫ ማሰብን፣ በ6/8 ውስጥ 4ኛውን ምት ወደ ላይ መምታትን በዚህም መማር ይቻላል፤ ጊታር ፕሮን መግዛት የሚያስፈልገው ቱክስጊታር መጥበብ ሲጀምር ነው።